በአንድ ቤት ሁለት ሴቶች



እንድናገር የተጠየቅሁት የሴቶችን እኩልነት አስመልክቶ በዓለም ላይ ስለተነሡት የአስተሳሰብ ጎራዎች ነው። በዚህ ርዕስ መድረክ ላይ የሚወጣ ሰው ብዙውን ጊዜ ሊበራል፣ ማርክሲስት፣ ራዲካል፣ የጥቁር ሴቶች፣ የአፍሪካ እያለ ጎራዎቹን በየተራ ይጠራል፤ ለእያንዳንዳቸው ዐሥር ዐሥር ደቂቃ ሰጥቶ ይወርዳል። እኔ እንደዚያ አላደርግም። በየቤታችን ከገጠር የመጣች፣ ብዙውን ጊዜ ዕድሜዋ ሃያ ያልሞላ ልጅ አለች። ስለ እኩልነት የሚወራው ሁሉ ስለ እሷ ምንም የማይል ከሆነ ጎዶሎ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ጎራዎቹን አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቃቸው፦ ሴት ከቤት ወጥታ ቢሮ ስትገባ፣ ትታው የሄደችውን ሥራ ማን ይሠራዋል?

ጥያቄው ከውጭ የመጣ አይምሰላችሁ። የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ግለጡ። ያረቀቁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ ያወጀው የእኛው መንግሥት ነው። አንቀጽ 635 ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ ይሾምና፣ ሚስት ባሏ ከሕግ ሳይወጣ የሚያዛትን ሁሉ እንድትፈጽም ያስገድዳል። ወረድ ብሎ ያለው አንቀጽ 646 ግን ይበልጥ ይገርማል፤ ባል ሠራተኛ ሊቀጥርላት ካልቻለ፣ ሚስት የቤቱን ሥራ ራሷ የመሥራት ግዴታ አለባት ይላል። ባልየውስ ቢሠራ የሚል ሐሳብ ጭራሽ የለም። ወይ ሚስት ትሠራለች፣ ወይ ሌላ ሰው ይቀጠራል፤ የሚቀጠረው ሰው ማን እንደሆነ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

የዚያችን ልጅ አንድ ቀን ላሳያችሁ። አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ። ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትነሣለች። የምትተኛው ሳሎን ስለሆነ ፍራሿን ጠቅልላ ከሶፋው ጀርባ ታስገባለች። ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ በመጣበት ሰዓት ጀሪካኑንና በርሜሉን ሁሉ መሙላት አለባት። ቁርስ ትሠራለች፣ የልጆቹን ምሳ ዕቃ ታዘጋጃለች፣ ዩኒፎርም ትተኩሳለች፣ ትንሹን ልጅ ሰርቪሱ እስከሚቆምበት ታደርሳለች። እትዬ ሁለት ሰዓት ሲሆን ቦርሳቸውን አንግበው ይወጣሉ፤ ጋሼ ቀድመው ወጥተዋል። ከዚያ ልብስ አጠባ፣ ወለል መወልወል፣ ሽንኩርት መክተፍ፣ ወጥ፣ በሳምንት ሁለቴ እንጀራ መጋገር። ማታ ሁሉም ከበላ በኋላ እሷ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ ትበላለች። ማርች 8 ሲከበር እትዬ ከመሥሪያ ቤታቸው አበባ ተሰጥቷቸው ይመጣሉ፤ አበባውን ውኃ ውስጥ የምታስገባው ልጅቷ ናት። እንዲህ ያለውን ቤት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ብዙዎቻችን የምንኖረውም እዚያው ነው።

አሁን ወደ ሊበራሉ ጎራ ቀደምቶች እንሂድ። እንግሊዛዊቷ ሜሪ ዎልስቶንክራፍት ስለ ሴቶች መብት የጻፈችውን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1792 አሳተመች። ፓሪስ ውስጥ ኦሎምፕ ደ ጉዥ የሴቶችን መብት መግለጫ ካወጣች ገና ዓመቷ ነበር፤ ደ ጉዥ በ1793 በጊሎቲን ተገድላለች። የዎልስቶንክራፍት ክርክር ግልጽ ነው፤ ሴት አንሳ የምትታየው አንሳ ስለተፈጠረች ሳይሆን እንዳትማር ስለተደረገች ነው፤ መጀመሪያ አስተምሯት፣ ከዚያ በኋላ ፍረዱ። ሁለት መቶ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ይህ ሐሳብ ዛሬም ጉልበቱ አልደከመም፤ ሴት ልጁን ዩኒቨርሲቲ ለማስገባት በሬውን የሚሸጥ ገበሬ መጽሐፉን ሳያነብ ተቀብሎታል። ነገር ግን ዎልስቶንክራፍት እዚያው መጽሐፍ ውስጥ የምታደንቃትን አስተዋይ እናት ስትስል፣ ልጆቿን የምታጠባ፣ ዝቅ ያለውን የቤት ሥራ ደግሞ የምትሸከምላት አንዲት ገረድ ከጎኗ ያለች አድርጋ ነው። ገረዷ በሥዕሉ ጥግ ላይ ትታያለች፤ ወዲያው ታልፋለች።

ከዚያ በኋላም ይኸው ነው። እንግሊዛዊው ጆን ስቱዋርት ሚል የፓርላማ አባል ሳለ በ1867 የምርጫ ሕጉ «ወንድ» የሚለው ቃል «ሰው» በሚለው እንዲተካ ጠይቆ ድምፅ አጣ። በ1869 ባወጣው መጽሐፉ የሚስትን ሕጋዊ ሁኔታ ከባርነት ጋር አነጻጸረ፤ ለዘመኑ ትልቅ ድፍረት ነው። ግን እሱም ሴት ስታገባ፣ ወንድ ሙያ እንደሚመርጥ ሁሉ፣ ቤት ማስተዳደርን መርጣለች ብሎ አለፈው። ቨርጂኒያ ዉልፍ በ1929 ለመጻፍ ለምትፈልግ ሴት የሚያስፈልጋት በዓመት 500 ፓውንድና የራሷ ክፍል ነው አለች። ይህን የጻፈችው ሴት ከምግብ አብሳይዋ ከኔሊ ቦክሳል ጋር ዓመታት ሲጨቃጨቁ ኖረው በመጨረሻ በ1934 አሰናብታታለች። ዉልፍን ለመንቀፍ አይደለም፤ በማስታወሻዋ ላይ ጭቅጭቁን ሳትደብቅ መጻፏ ራሱ ከብዙዎቻችን ትሻላለች ያሰኛል። ለኔሊ ግን 500 ፓውንድም የራስ ክፍልም ያሰበላት ሰው አልነበረም።

ይህን ስል የሊበራሉን ጎራ ለማጣጣል ከፈለግሁ ምስጋና ቢስ ነኝ። የመምረጥ መብትን ተራ ነገር አድርገን የምናይ ካለን፣ ኒውዚላንድ በ1893 የፈቀደችውን ስዊዘርላንድ በአገር አቀፍ ምርጫ የፈቀደችው በ1971 መሆኑን እናስታውስ። የእኛ አገር ሴቶች በ1948 ዓ.ም በተሻሻለው ሕገ መንግሥት መሠረት ድምፅ ሲሰጡ፣ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም እ.ኤ.አ. በ1957 ተመርጠው ፓርላማ ሲገቡ፣ የስዊዝ ሴቶች ገና ዐሥራ አራት ዓመት ይቀራቸው ነበር።

ደግሞም ይህ ጎራ በአገራችን ያስገኘውን ለውጥ የዐይን ምስክር የሆንን ብዙ ነን። በ1949 ዓ.ም የወንጀል ሕግ ልጃገረድ የጠለፈ ሰው ካገባት ክሱ ይቀርለት ነበር። ሽማግሌ ይላካል፣ አባት ይለመናል፣ ካሣ ይቆረጣል፣ ልጅቷ ከጠላፊዋ ጋር ጎጆ ትወጣለች፤ ሕጉም ይህን ጋብቻ ብሎ ይመርቀዋል። በ1980ዎቹ ዓ.ም መጨረሻ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠላፊዋን ገድላ የተከሰሰች የዐሥራ አራት ዓመት ተማሪን ይዞ ፍርድ ቤት ቆመ። ልጅቷ ራሷን ስትከላከል ነው ተብላ ነጻ ወጣች፤ «ድፍረት» የተባለው ፊልም የተሠራው በዚህ ታሪክ ነው። በ1992 ዓ.ም የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወጣ፤ ለሴት 15 የነበረው የጋብቻ ዕድሜ እንደ ወንዱ 18 ሆነ፤ ባል ከአለቅነት ወረደ፤ አንቀጽ 646ም አብሮ ተሰረዘ። በ1996 ዓ.ም የወንጀል ሕግ ደግሞ ጠላፊ ቢያገባትም ከቅጣት አያመልጥም ተባለ። በዐሥር ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ርቀት የሄደ ንቅናቄ በአገራችን ብዙ አላውቅም። ያም ሆኖ የቤተሰብ ሕጉ ባልን ከወንበሩ ሲያወርደው፣ ከወንበሩ የወረደው ባል ወደ ማጀት ይግባ አላለም። ሚስት ወጣች፣ ባል አልገባም። በመካከል የቀረውን ክፍት ቦታ ማን እንደሞላው ልነግራችሁ አያስፈልግም።

ማርክሲስቶቹ ይህን ክፍተት ቀድመው አይተውታል። ኤንግልስ በ1884 ስለ ቤተሰብ አመጣጥ በጻፈው መጽሐፍ የሴት መገዛት የመጣው ከግል ንብረት ጋር ነው፤ ሴት ነጻ የምትወጣው ወደ ማኅበራዊ ምርት ስትገባና የቤት ሥራ የሕዝብ ሥራ ሲሆን ነው አለ። ክላራ ዜትኪን በ1910 ኮፐንሃገን ላይ ዓለም አቀፍ የሴቶች ቀን እንዲከበር ሐሳብ አቀረበች። አበባ የምንቀባበልበት ማርች 8 መነሻው የሠራተኛ ሴቶች ሰልፍ ነው። በ1917 የፔትሮግራድ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች በዚሁ ቀን «ዳቦ!» ብለው አደባባይ ወጡ፤ ዛሩ በሳምንቱ ከዙፋኑ ወረደ። በኋላ ሚኒስትር የሆነችው አሌክሳንድራ ኮሎንታይ የሕዝብ መመገቢያ፣ የሕዝብ ልብስ ማጠቢያና የሕፃናት ማቆያ እንዲስፋፋ ደከመች። በ1930 ግን የኮሚኒስት ፓርቲው የሴቶች ክፍል «ጉዳዩ አልቋል» ተብሎ ተዘጋ። ሾርባው ቀጥኖ፣ ማቆያው ጠብቦ፣ ሩሲያዊቷ ቀን ፋብሪካ ማታ ምድጃ ላይ ቀረች። አብዮት ራሱን አሸናፊ ብሎ ሲያውጅ የሴቶችን መዝገብ ለመዝጋት ይቸኩላል።

እኛም ዘንድ እንደዚያው ነበር። የ1967 ዓ.ም የገጠር መሬት አዋጅ ያለ ጾታ ልዩነት መሬት ይሰጣል አለ፤ ሲከፋፈል ግን በቤተሰቡ አባወራ ስም ሄደ። በተማሪዎች ንቅናቄ ዘመን የሴቶች ጥያቄ ጥናት ክበብ ውስጥ ሲነሣ፣ መጀመሪያ የመደብ ጥያቄ ይፈታ፣ የሴቶቹ ተከትሎ ይፈታል ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር ተቋቋመ፤ የማኅበሩ ሴቶች ማንበብ አስተማሩ፣ ስንቅ አዘጋጁ፣ ሰልፍ ወጡ። የጓዶቹ ቤትስ? ጓድ ሊቀ መንበሩም ጓድ ጸሐፊውም ሠራተኛ ነበራቸው፤ እሷን ጓድ ብሎ የጠራት መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ከማርክሲስቶቹ መካከል ግን እስከ መጨረሻው የሄዱ ነበሩ። በ1972 ጣሊያን ውስጥ፣ ፓዶቫ ከተማ፣ ማሪያሮዛ ዳላ ኮስታ፣ ሰልማ ጄምስ፣ ሲልቪያ ፌዴሪቺና ሌሎች ተሰብስበው የቤት ሥራ ደሞዝ ይከፈልበት የሚል ዘመቻ ጀመሩ። ሲሰማ ቀልድ ይመስላል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፤ ፋብሪካው ለባልየው ደሞዝ ሲከፍል፣ ጠዋት በልቶ፣ ልብሱ ታጥቦ፣ አርፎ እንዲመጣ ያደረገችውን ሴት ጉልበት በነጻ ወስዷል ማለት ነው። ዋጋ ስላልተለጠፈበት ሥራ አይባልም፤ «ምን ትሠራለች?» ሲባል «ቤት ነው ያለችው» ይባላል። አይስላንዳውያን ይህን በአንድ ቀን አሳዩት። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 24 ቀን 1975 ከአገሪቱ ሴቶች መካከል ዘጠና ከመቶ ያህሉ ቢሮም፣ ፋብሪካም፣ ማጀትም አንሠራም አሉ። አባቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ሥራ ገቡ፤ ለማብሰል ቀላል ስለሆነ ሱቅ ውስጥ ቋሊማ አለቀ ይባላል። በዓመቱ የእኩልነት ሕግ ወጣ። በ1980 ቪግዲስ ፊንቦጋዶቲርን ፕሬዚዳንት አድርገው መረጡ፤ በዓለም ላይ በሕዝብ ድምፅ የተመረጠች የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት እሷ ናት። አዲስ አበባ ላይ እንዲህ ያለ አድማ ቢጠራ እትዬዎቹ አደባባይ የሚወጡት ምሳውን ለልጅቷ አዝዘው እንዳይሆን እሰጋለሁ።

ራዲካል የሚባሉት ደግሞ ከማጀቱ አልፈው የመኝታ ቤቱን በር አንኳኩ። ኬት ሚሌትና ሹላሚት ፋየርስቶን በ1970 መጽሐፎቻቸውን ሲያወጡ፣ የሥልጣን ጉዳይ ፓርላማና ፋብሪካ ብቻ ሳይሆን አልጋም ውስጥ አለ አሉ። ለብዙ ሰው የሚከብደው ይህ ጎራ ነው፤ የቤት ገመና አደባባይ አወጡ ይባላሉ። ነገር ግን ለተደበደቡ ሴቶች መጠለያ ማቋቋም፣ የሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን በሕግ መጠየቅ፣ እነዚህ ሁሉ በአብዛኛው የእነሱ ጩኸት ውጤቶች ናቸው። የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ባል ሚስቱን ሊደፍር ይችላል፣ ወንጀልም ነው ብሎ የወሰነው በ1991 ነው። የእኛ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 ግን አስገድዶ መድፈርን ከጋብቻ ውጪ የሚፈጸም አድርጎ ነው የሚተረጉመው። የጠለፋን በር የዘጋው ሕግ ይህችኛዋን ክፍት ትቷታል። ሳሎን ላይ ፍራሽ አንጥፋ የምትተኛዋን ልጅ አስቡ። የምትተኛበት ክፍል ቁልፍ የለውም፤ በር እንኳ የለውም። ሌሊት የቤቱ ጌታ ወይም ጎረምሳ ልጁ ቢመጣባት ለማን ትጮኻለች? ብትናገር የምትባረረው እሷ ናት፤ ብታረግዝ ደግሞ ያዋረደችው ቤቱን ነው ይባላል። በዚህ ጉዳይ ከራዲካሎቹ ጋር ነኝ።

አሁን ወደ ልቤ ወደሚቀርበው ጎራ ደረስሁ። አሜሪካዊቷ ቤቲ ፍሪዳን በ1963 ባሳተመችው መጽሐፍ የተማሩ፣ ባልና ልጅ ያላቸው፣ ከከተማ ዳር ባለ ግቢ ቤት የሚኖሩ ሴቶች ለምን ኑሮ እንደሰለቻቸው ጻፈች፤ መፍትሔውም ወጥተው እንዲሠሩ ነው አለች። መጽሐፉ በሚሊዮን ተሸጠ። በ1984 ቤል ሁክስ መለሰችላት። (ስሟን በእንግሊዝኛ በትንንሽ ፊደል ብቻ ነበር የምትጽፈው፤ የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ከዚህ ጣጣ ተርፈናል።) ቤል ሁክስ በኬንተኪ፣ ዘር በሚከፋፈልበት ዘመን፣ በነጮች ቤት በሠራተኝነት ከሠራች እናት የተወለደች ናት። የእሷ ጥያቄ ይኸው የእኛ ጥያቄ ነው፤ እነዚህ ነጭ እመቤቶች ከቤት ሲወጡ ልጆቻቸውን ለማሳደግና ቤታቸውን ለመጠበቅ ማን ይጠራል? ጥቁርና ድኻ ሴቶች ከቤት ውጪ መሥራትን እንደ ነጻነት ሊያዩት አይችሉም፤ መች አርፈው ቤት ተቀመጡና!

የሕግ ምሁሯ ኪምበርሌ ክሬንሾ በ1989 ይህንኑ በሕግ ቋንቋ አስቀመጠችው። የያዘችው ምሳሌ ጀነራል ሞተርስን የከሰሱ አምስት ጥቁር ሴቶች ናቸው። ኩባንያው እስከ 1964 ድረስ ጥቁር ሴት አይቀጥርም ነበር፤ በኋላ ቀጥሮ፣ የኢኮኖሚ ችግር ሲመጣ ዘግይቶ የገባ ይውጣ ሲል እነዚህኑ አስወጣ። ፍርድ ቤቱ ግን አልተቀበላቸውም። በጾታ ተበድለናል ቢሉ፣ ኩባንያው ሴቶች ቀጥሯል፤ ነጭ የቢሮ ሠራተኞች ናቸው። በዘር ተበድለናል ቢሉ፣ ጥቁሮችም አሉት፤ ወንድ የፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው። ሁለቱን አዳብላችሁ ልትከሱ አትችሉም ተባሉ። ሁለት በደል በአንድ ሰው ላይ ሲገናኝ ሕጉ ዐይኑን ይጨፍናል ማለት ነው። የእኛን ልጅ በዚህ መነጽር ብናያት ሴት ብቻ አይደለችም፤ ድኻ ናት፣ የገጠር ናት፣ ዕድሜዋ ያልደረሰ ናት፣ አንዳንዴም የቤቱን ቋንቋ አትችልም፣ የከተማ መታወቂያ የላትም። ለሴቶች የሚሟገተው ማኅበር የእትዬን ጉዳይ ይይዛል፤ የሠራተኛ ማኅበሩ የፋብሪካውን ሠራተኛ ይይዛል። እሷ በሁለቱ ወንበሮች መካከል መሬት ላይ ቁጭ ብላለች።

እዚህ ላይ ከታዳሚው መካከል አንድ ሰው እጁን እንደሚያወጣ አውቃለሁ፤ «ይህ ሁሉ የፈረንጅ ችግር ነው፣ እኛ እነ ምንትዋብ፣ እነ ጣይቱ፣ እነ ዘውዲቱ የነበሩን ሕዝብ ነን» ይላል። አፍሪካውያን ጸሐፊዎችም ተመሳሳይ መከራከሪያ አላቸው። ናይጄሪያዊቷ ኦየሮንኬ ኦየዉሚ በ1997 ባሳተመችው መጽሐፍ በዮሩባ ኅብረተሰብ ደረጃን የሚወስነው ከጾታ ይልቅ ዕድሜና ታላቅነት ነበር፤ የፈረንጅን ሚዛን ይዛችሁ አትምጡብን ብላለች። ቁም ነገር አለው። በደጋው የኢትዮጵያ ክፍልም ርስት ለሴት ልጅ ይወርድ ነበር፤ ሚስት ስትፋታ ድርሻዋን ይዛ ትሄድ ነበር፤ በጆን ስቱዋርት ሚል ዘመን የነበረች እንግሊዛዊት ሚስት ይህን ብታይ በቀናች። ሆኖም ታላቅነትም ራሱ ሥልጣን ነው። ጣይቱ ዐድዋ ላይ ጦር መርተዋል፤ ቤተ መንግሥት ውስጥ ግብር ሲገባ ግን ያን ሁሉ እህል የፈጨው ማን ነው? የፈጩት፣ ውኃ የቀዱት፣ እንጨት የተሸከሙት ባሪያዎችና ገረዶች ናቸው፤ ባርነት በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም ነው። በታሪካችን የምንኮራባቸው ሴቶች በእውነት የሚያኮሩ ናቸው። ወፍጮው ላይ የነበሩትን ሴቶች ግን ስማቸውን አናውቅም። ስለዚህ እጁን ላወጣው ወንድሜ መልሴ፣ የእኛ ቤት የቆየ ችግር የጾታ ብቻ ሳይሆን የጌታና የሎሌም ነው የሚል ነው፤ ሁለቱ ሲደራረቡ ደግሞ ቀለል አይሉም።

ከሃይማኖታቸው ሳይወጡ የሚከራከሩም አሉ። ሞሮኳዊቷ ፋጢማ መርኒሲና አሜሪካዊቷ አሚና ወዱድ ቁርኣንንና ትውፊቱን ራሳቸው አንብበው፣ ወንዶች ለዘመናት የጻፉትን ትርጓሜ ፈተኑት። ለእኛ አገር፣ ምእመኑ ከሕግ መጽሐፍ ይልቅ ለቄሱና ለሼኹ በሚሰማበት አገር፣ ይህ መንገድ ከሚገባው በታች ተሠርቶበታል።

የሁለቱ ሴቶች ጉዳይ ድንበር ሲሻገር ምን እንደሚመስል ደግሞ ከማንም በላይ እናውቃለን። እዚህ እትዬ የምትለው ልጅ ቤይሩትና ሪያድ ስትደርስ ማዳም ትላለች። ከፋላ በሚባለው አሠራር የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው፤ ፓስፖርቷን ይይዙባታል፣ ያለ ፈቃዳቸው ቤት መቀየር አትችልም። በ2006 ዓ.ም ሳዑዲ ዐረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችንን በጥቂት ወራት ስትመልስ ሁላችንም ተቆጣን፤ ተገቢ ቁጣ ነበር። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ኩዌት እ.ኤ.አ. በ2015 ለቤት ሠራተኞች ሕግ አወጣች፤ በቀን ከ12 ሰዓት በላይ አትሠራም፣ በሳምንት አንድ ቀን ታርፋለች፣ በዓመት 30 ቀን ፈቃድ አላት ይላል። አፈጻጸሙ እንከን የሞላበት ነው፤ ቢያንስ ግን ተጽፏል። እኛ ኩዌት ላለችው እኅታችን የምንጠይቀውን የሳምንት ዕረፍት ሳሎናችን ለምትተኛዋ እንሰጣታለን? እትዬም በሴትነታቸው እንዳትጠሏቸው፤ እሳቸውም ማታ ሲመለሱ ልጆቹን የሚያስጠኑት፣ ዘመድ ሲታመም የሚያስታምሙት፣ ልቅሶ የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። ሁለቱ ሴቶች የሚካፈሉት የሦስተኛውን ሰው ድርሻ ነው።

ያ ሦስተኛ ሰው ጋሼ ናቸው። ምሁራኑ ሴት ከወንድ ጋር አንድ ናት ወይስ ትለያለች እያሉ ብዙ ቀለም አፍስሰዋል። ሲሞን ደ ቦቯር በ1949 ሴትነት በአስተዳደግ የሚቀረጽ ነው አለች፤ ካሮል ጊሊጋን በ1982 ሴቶች ሥነ ምግባርን የሚመዝኑበት፣ እንክብካቤን የሚያስቀድም የራሳቸው ድምፅ አላቸው አለች። ክርክሩ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ሰሐን ለማጠብ የትኛውም ተፈጥሮ አያስፈልግም። ሆቴል ውስጥ ደሞዝ ሲከፈልበት ወጥ መሥራት የወንድ ሙያ ነው፤ ነጭ ቆብ ያደርግና ሼፍ ይባላል። ቤት ውስጥ ሲሆን እጁ ይሰንፋል። ሕጉም ያግዘዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወለደች እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣታል፤ ለአባት 3 ቀን። ሦስት ቀን ገንፎ ለመብላት ይበቃል፤ ልጅ ለማሳደግ ግን አይበቃም። ስዊድን የእናቶችን ፈቃድ የወላጆች ፈቃድ አድርጋ አባቶችንም ያስገባችው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው።

ስለዚህ በመጨረሻ ወደ ሕግ ባለሙያዎቹ ፊቴን ላዙር፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አዋጅ 377/1996 የቤት ሠራተኞችን ከአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ውጪ አድርጎ፣ ጉዳያቸውን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ይወስናል አለ። ደንቡ ሳይወጣ 15 ዓመት አለፈ። አዋጅ 1156/2011 መጣ፤ ያንኑ ቃል ደገመው። ከፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 646ን ያሰረዙት ሴቶች ጥናት ጽፈው፣ በየክልሉ ዞረው፣ ምክር ቤት ደጅ ጸንተው ነው ያሰረዙት። ያን ጊዜ ለሚስት የተደረገው አሁን ለሠራተኛዋ ይደረግ። ረቂቁን ጻፉ፤ የጽሑፍ ውል፣ የሥራ ሰዓት፣ የሳምንት ዕረፍት፣ የማታ ትምህርት የምትማርበት ሰዓት፣ የሚቆለፍ በር፣ ዝቅተኛው ዕድሜ፣ የደላላው ተጠያቂነት ይግቡበት። ስትጽፉም እሷን ጠይቋት፤ ከእናንተ ይልቅ የምታውቀው እሷ ናት። ወንዶች ታዳሚዎች ደግሞ ደንብ መጠበቅ አያስፈልጋችሁም፤ የራሳችሁን ሰሐንና የልጃችሁን ምሳ ዕቃ ከነገ ጀምራችሁ ተረከቡ።